ሽቅብ የወጣ ውኃ

ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ እንደማይፈስ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔም ይህን ጽሑፍ እስካሰብሁበት ቀን ድረስ ከሕፃኑ የተለየ እውቀት አልነበረኝም። ሽቅብ የወጣ ውኃ ያየሁት በሰሜን አሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ፣ በአንድ አዛውንት ወገናችን ቤት ውስጥ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የካቲት 2019 ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ወር በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የወረደው አመዳይ 39 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሜትር ያህል ነበር፤ በመንትዮቹ ከተሞች መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የየካቲት ወራት ሁሉ ይህን ያህል የወረደበት የለም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሼ ደወሉልኝ። ስማቸውን ለራሳቸው ልተወውና «ጋሼ» እያልሁ ልቀጥል። «ልጄ፣ ቤቴ እያለቀሰ ነው፤ እስቲ ቶሎ ናልኝ» አሉ።

ስደርስ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፀሐይዋ ደምቃ ወጥታለች፤ ነገር ግን የምትሰጠው ብርሃን እንጂ ሙቀት አልነበረም። ውጭው አፍንጫ የሚቆርጥ ቁር ነው። የጋሼ ኮርኒስ ግን እንደ ሐምሌ ጠፈጠፍ ያንጠባጥባል። የሚያንጠባጥበውም በሌላ ቦታ ላይ ሳይሆን በመጽሐፍ መደርደሪያቸው ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተሸክመው ያመጧቸው መጻሕፍት ርሰው ተጣብቀዋል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አሮጌ ዕትማቸው እንደ ቦካ ሊጥ አብጧል። ከሁሉ የከፋው ግን በመደርደሪያው ጫፍ በካርቶን የተቀመጡት ደብዳቤዎች ናቸው። እናታቸው ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ስለ ነበሩ፣ በደብዳቤ ጸሐፊ እያጻፉ የላኩላቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። ቀለሙ ሟሙቶ ከወረቀቱ ላይ እየወረደ ነበር።

ጋሼ እርጥቡን ወረቀት በመዳፋቸው ይዘው ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጡ። «ዝናብ የለ፤ የፈነዳ ቧንቧ የለ፤ ይህ ውኃ ከየት የመጣ ውኃ ነው?»

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ከቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገባ፤ መልሱንም ስፈልግ ረዘም ያለ ታሪክ ላይ ደረስሁ። ዛሬ ለእናንተ የማጫውታችሁ ያንን ታሪክ ነው።

* * *

አስቀድሜ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። እኛ «በረዶ» ስንል በመጀመሪያ የሚታየን በክረምት ከነጎድጓድ ጋር መጥቶ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ጠጠር ነው። በማቀዝቀዣ የረጋውንም ውኃ በረዶ እንለዋለን። በስደት ያለው ወገናችን ደግሞ ከሰማይ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውንም በዚያው ስም ይጠራዋል። ሆኖም «አመዳይ» የሚል የቆየ ቃል አለን፤ በመዝሙረ ዳዊት የአማርኛ ትርጉም ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ለስላሳውንና ነጩን አመዳይ፣ ረግቶ የጠነከረውን በረዶ እላለሁ። ቃላቱን መለየቴ ለማሳመር አይደለም፤ የጋሼ ጥያቄ መልስ አመዳዩ እንዴት ውኃ፣ ውኃውም እንዴት በረዶ እንደሚሆን በማወቅ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ነው።

አመዳይን ጨርሶ የማናውቅ ሕዝብም አይደለንም። ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስቴስ የሚባለው መንገደኛ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተረፈልን አንድ የአክሱም ንጉሥ ወደ ስሜን ተራሮች እንደ ዘመተ ይናገራል፤ በዚያም ሠራዊቱ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት አመዳይ እንደ ገጠመው ያትታል። እንግዲህ አመዳይ በታሪካችን ውስጥ አለ። ያለው ግን በተራራ ላይ ነው። በጣሪያችን ላይ ከርሞ አያውቅም።

የእኛ ጣሪያ የተሠራው ለሌላ ጠባይ ነው። ጎጆ ቤት ውስጥ እሳቱ ከመካከል ይነድዳል፤ ጭሱና ሙቀቱ ሽቅብ ወጥቶ በሣር ክዳኑ ውስጥ እየተጣራ ይሄዳል። ጥላሸቱ ማገሩንና ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቃል። ማለዳ ላይ ከክዳኑ ጭስ ሲትጎለጎል የታየ ቤት ሰው ያለበት፣ የደኅና ቤት ነው። ሙቀት በጣሪያ በኩል መውጣቱ ለእኛ ጥፋት ሆኖ አያውቅም። በሚኒሶታ ግን የጥፋቱ ሁሉ መነሻ እርሱ ነው።

* * *

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በጣሪያው ላይ አመዳይ ይከመራል። አመዳይ በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ እንደ ጋቢ ሙቀት ያግዳል። ከቤቱ ውስጥ የሞቀ አየር በኮርኒሱ ስንጥቆች ሾልኮ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ወዳለው ክፍት ቦታ ይወጣል። ይህን ቦታ በራሳችን ቃል ቆጥ እንበለው። ቆጡ ሲሞቅ ጣሪያው ከሥሩ ይሞቃል፤ የአመዳዩ የታችኛው ንጣፍም ይቀልጣል። ላዩ ነጭ እንደ ሆነ፣ ከሥሩ ውኃ ይፈጠራል።

ያ ውኃ እንደ ማንኛውም ውኃ ቁልቁል ይወርዳል። ይሁን እንጂ የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው አልፎ የወጣ ነውና ከሥሩ የሞቀ ክፍል የለውም፤ እንደ ውጭው አየር የቀዘቀዘ ነው። ውኃው እዚያ ሲደርስ ይረጋና በረዶ ይሆናል። በማግስቱ የመጣውም በላዩ ላይ ይረጋል። እንዲህ እያለ በአሸንዳው በኩል ዳር ዳሩን አንድ ግንብ ይቆማል። ፈረንጆቹ ይህን ግንብ የበረዶ ግድብ ይሉታል፤ ስሙ በትክክል የተሰጠ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ውኃ መውጫ ያጣል፤ ከግድቡ ጀርባ ይታቆራል፤ ሲሞላም ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ይመለሳል።

በአሜሪካ የብዙ ቤቶች ክዳን ሺንግል የሚሉት፣ በሬንጅ የተነከረና እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ ንጣፍ ነው። ቅርፊቱ ቁልቁል የሚወርደውን ውኃ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ያፈስሰዋል፤ የታቆረ ውኃ ለመያዝ ግን አልተፈጠረም። ውኃው ሽቅብ ተመልሶ ከቅርፊቱ ሥር ሲገባ የሚያግደው ነገር የለም። በእንጨቱ፣ በኮርኒሱ፣ በመጨረሻም በጋሼ ደብዳቤዎች ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ለጥያቄያቸው መልሱ ይህ ነው፤ ውኃው ከሰማይ በቀጥታ አልመጣም፤ ቤቱ ራሱ ሠርቶታል። ከአሸንዳው ላይ እንደ ጦር ተንጠልጥለው ፎቶግራፍ የሚነሡት የበረዶ ዘንጎች፣ ለሚያውቅ ሰው፣ ከቤቱ የሚሸሸው ሙቀት ምልክቶች ናቸው።

* * *

በብርድ አገር የኖሩ የጥንት ሕዝቦች ይህን ችግር በየራሳቸው መንገድ ተቋቁመውታል። በኖርዌይ ገበሬዎች በጣሪያቸው ላይ የበርች ዛፍ ቅርፊት ደራርበው ያነጥፉና በላዩ ሣር የበቀለበት አፈር ይጭኑበት ነበር። ቅርፊቱ ውኃ አያስገባም፤ አፈሩ ደግሞ ቅርፊቱን በክብደቱ ይዞ ሙቀቱን ያግዳል። በጃፓን ሺራካዋጎ በምትባል ተራራማ መንደር የሣር ክዳን ቤቶች አሉ፤ ጣሪያቸው እስከ 60 ዲግሪ የሚደርስ ቁልቁለት አለው። ቅርጹ ለጸሎት የተጋጠሙ እጆችን ስለሚመስል የአሠራሩም ስም ከዚያ ተወስዷል። በመካከል የሚነድደው እሳት ጭሱ በቆጡ አልፎ ሣሩንና ጠፍሩን ያጠነክራል፤ ልክ እንደ እኛ ጎጆ ማለት ነው። በቆጡም ላይ የሐር ትል ያረቡበት ነበር። ዩኔስኮ መንደሯን በ1995 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

በአሜሪካ የኒው ኢንግላንድ ጥንታዊ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ሙቀት ያለው በምድጃው ዙሪያ ነበር። የምድጃው ሙቀት ብዙው በጭስ ማውጫው ወጥቶ ይሄዳል፤ ቆጡ እንደ ውጭው የቀዘቀዘ ነበር። ነዋሪዎቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ጣሪያቸው ግን ቀዝቃዛ ስለ ሆነ አመዳዩን ከሥሩ የሚያቀልጥ ነገር ብዙም አልነበረም።

ነገሩ የከፋው ኑሮ ሲሻሻል ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከምድር ቤት በድንጋይ ከሰል የሚነድድ ትልቅ ምድጃ ቤቱን ሁሉ ያሞቅ ጀመር። ከተሞች ሲሰፉ «አንድ ፎቅ ተኩል» የሚባሉት ቤቶች በዙ፤ በእነዚህ ውስጥ ሰው በጣሪያው ሥር፣ በቀድሞው ቆጥ ውስጥ ይተኛል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተሠሩ እንዲህ ያሉ ቤቶች እስከ ዛሬ ሰፈር ሙሉ ናቸው፤ የጋሼም ቤት ከእነርሱ አንዱ ነው። በሞቀው ክፍልና በአመዳዩ መካከል የቀረው ጥቂት ጣውላና ክዳን ብቻ ሆነ። ሰው ሲሞቀው፣ ጣሪያው አብሮት ሞቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትግል ሁሉ ከውጭ በኩል ነበር። በኒው ኢንግላንድ ገጠሮች በጣሪያው ዳርቻ ሰፊ የቆርቆሮ ጥብጣብ ተመታ፤ በረዶው አንሸራትቶት እንዲወድቅ ታስቦ ነው። ሌላው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሽቦ በክፈፉ ላይ አዟዟረ። ሌላው በሴቶች ረጅም ካልሲ ውስጥ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ሞልቶ በግድቡ ላይ አጋደመ፤ ይህ ለውኃው መውጫ ቦይ ይከፍታል፤ ግድቡን ግን አያጠፋውም። ብዙው ደግሞ መሰላል አቁሞ በመዶሻና በፋስ ወጣበት።

ጋሼም በዚያ ቀን ፋስ አምጣልኝ ብለውኝ ነበር። «እርስዎ ሰባ ዓመት አልፎዎት እዚያ ላይ አይወጡም!» ብዬ ለመንኋቸው። ጎረቤታቸው በዚያው ሳምንት ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ባይወድቅም ኖሮ በረዶውን የመታ ፋስ በብርድ የደረቀውን ሺንግል አብሮ ይሰብረዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

* * *

ነገሩን ከውስጥ በኩል ማየት የጀመሩት ተመራማሪዎች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ በቀጥታው መንገድ አልደረሱም። በ1930ዎቹ የሙቀት መከላከያ ንጣፍ በቤቶች ግድግዳና ቆጥ ውስጥ መግባት ሲጀምር፣ የግድግዳ ቀለም መላጥና በቆጥ ውስጥ ውርጭ መያዝ በዛ። ቀለም ቀቢዎቹ ንጣፉ ውኃ ይስባል እያሉ አማረሩ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፍራንክ ሮውሊና ባልደረቦቹ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ትንንሽ የቤት አምሳያዎችን ሠርተው እርጥበት እንዴት እንደሚጓዝ መረመሩ፤ ውጤቱንም በ1930ዎቹ መጨረሻ አሳተሙ። የሞቀ አየር እርጥበት ይዞ እንደሚወጣ፣ የቀዘቀዘ ገጽ ሲያገኝም እንደሚተወው አሳዩ። ቆጡን ማናፈስም ከመፍትሔዎቹ አንዱ ሆኖ ተቆጠረ።

በ1942 የአሜሪካ መንግሥት የቤቶች ብድር ዋስትና መሥሪያ ቤት ባወጣው ዝቅተኛ የግንባታ መስፈርት ውስጥ አንድ ቁጥር ተጻፈ፤ ለ300 ካሬ ጫማ የቆጥ ስፋት 1 ካሬ ጫማ የአየር መተላለፊያ ይሁን የሚል። ይህች አንድ ለሦስት መቶ የምትባል ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠች ለትውልድ ተላለፈች። ከብዙ ዘመን በኋላ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ሮዝ ምንጯን ተከትሎ ሲፈልግ፣ በ1942ቱ ሰነድ ላይ ከየት እንደ ተገኘች የሚያስረዳ አንድም የጥናት ማስረጃ አላገኘም። ደግሞም ቁጥሯ የተወለደችው ለእርጥበት እንጂ ለበረዶ ግድብ አልነበረም። ጠቃሚ ልማድ መሆኗ አልቀረም፤ ግን ሰዎች አየር ማስገቢያ ከከፈቱ በኋላ ሥራው ያለቀ መስሏቸው፣ ሙቀቱ ለምን ወደ ቆጡ እንደሚወጣ መጠየቅን ተዉት።

ጥያቄውን እንደገና ያነሣው የነዳጅ ችግር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የምሕንድስና ሰዎች በሮበርት ሶኮሎው መሪነት በኒው ጀርሲ ትዊን ሪቨርስ በሚባል ሰፈር አንድ ዓይነት ሆነው የተሠሩ ቤቶችን ያጠኑ ጀመር። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ሥራቸው የአገር ጉዳይ ሆነ። በወረቀት ላይ ሲሰላ፣ በቆጡ ወለል ላይ ንጣፍ እስካለ ድረስ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት ጥቂት መሆን ነበረበት። ሲለኩት ግን ከስሌቱ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ።

ጋውታም ዱት የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ የስሌቱን ስሕተት ያገኙት ቆጥ ውስጥ ገብተው ነው። የሞቀው አየር ንጣፉን ሰንጥቆ አልሄደም፤ ዙሮት ሄደ። በጭስ ማውጫው ዙሪያ የተተወ ክፍተት፣ ቤትና ቤት በሚለየው ግድግዳ ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ፣ ቧንቧና ሽቦ ያለፈባቸው ቀዳዳዎች፤ እነዚህ ሁሉ ከምድር ቤት እስከ ቆጥ የተዘረጉ የሙቀት ጎዳናዎች ነበሩ። ንጣፉ ጋቢ ቢሆንም ጋቢው ተቀድዶ ነበር። ጥናቱ በ1978 ታተመ። በዚያው ዘመን ግድም በስዊድን ቤቶችን በትልቅ ማራገቢያ እየነፉ ስንጥቃቸውን የሚለኩበት መሣሪያ በሥራ ላይ ውሎ ነበር። መሣሪያው በ1979 ወደ ፕሪንስተን መጣ፤ ዛሬ በበር ላይ ተተክሎ ማንኛውም ባለሙያ የቤትን ቀዳዳ የሚፈልግበት ሆኗል።

የቀረው የበረዶውን ልክ በቁጥር ማወቅ ነበር። ይህን የሠሩት በኒው ሃምፕሸር ሃኖቨር ያለው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የብርድ አካባቢዎች ምርምር ተቋም ባለሙያዎች ናቸው። በ1990ዎቹ ዌይን ቶቢያሰንና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ከኦንታሪዮ ሐይቅ አጠገብ ባለው የፎርት ድረም የጦር ሰፈር፣ አመዳይ እጅግ በሚበዛበት ቦታ፣ የሕንፃዎችን ቆጥ ሙቀት ከውጭው ጋር እያስተያዩ መዘገቡ። አስቸጋሪው በረዶ የሚፈጠረው የውጭው ሙቀት ከ22 ዲግሪ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 5.6 ሴንቲግሬድ ያህል) ሲያንስና የቆጡ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 1 ሴንቲግሬድ ያህል) ሲበልጥ መሆኑን አገኙ። ውጭው 22 ሲሆን ቆጡን ከ30 በታች ማቆየት የቻለ ሰው ግድብ አያስቸግረውም። በቂ የአየር ማስገቢያና ማውጫ በተጨመረላቸው ሕንፃዎች ላይ ችግሩ እጅግ ቀነሰ።

እስቲ ይህን አስቡት፤ የጣሪያ መድኅኑ ቅዝቃዜው ነው። በአመዳይ አገር ደኅና ቤት ማለት ሰዉ ሞቆት ጣሪያው የበረደው ቤት ነው።

* * *

ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ ለምን ዛሬም ኮርኒስ ያለቅሳል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። አንዱ ምክንያት የውጩ መከላከያ ከውስጡ ይልቅ ለመሸጥና ለማዘዝ የቀለለ መሆኑ ይመስለኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሺንግሉ ሥር የሚለጠፍ፣ ምስማር ሲያልፍበት ራሱን የሚደፍን የሬንጅ ንጣፍ ወደ ገበያ ወጣ። ዛሬ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ደንብ የበረዶ ግድብ በሚያሰጋበት አካባቢ እንዲህ ያለ መከላከያ ከክፈፉ ጀምሮ ከውጭው ግድግዳ ወደ ውስጥ ቢያንስ 24 ኢንች (61 ሳንቲ ሜትር) እንዲዘልቅ ያዝዛል። መልካም ነገር ነው፤ የታቆረውን ውኃ ያግዳል። ግድቡ እንዳይሠራ ግን አያደርግም፤ አሮጌ ቤትም ክዳኑ እስኪቀየር ድረስ አያገኘውም።

የቦስተን ከተማ ይህን በ2015 በመከራ ተምራዋለች። በዚያ ክረምት በጠቅላላው 110.6 ኢንች (281 ሳንቲ ሜትር) አመዳይ ወረደ፤ ከዚህ ውስጥ 64.8 ኢንቹ የወረደው በየካቲት ወር ብቻ ነው። ሁለቱም ለከተማዋ ከፍተኛ መዝገብ ሆኑ። ቁሩ ስለ ጸና የወረደው ሳይቀልጥ ሌላ ይደረብበት ነበር። በከተማዋና በዙሪያዋ እጅግ ብዙ ቤቶች ከውስጥ ዘነበባቸው። የካልሲው ጨውና ፋሱ እንደገና ወጡ። ቤቶቹ የተሠሩት ለዘመናት አመዳይ በለመደ ሕዝብ ነው፤ ጣሪያቸውን ግን ከላይ እንጂ ከሥር የመረመረው ጥቂት ነበር።

* * *

ወደ ጋሼ ልመለስ። ያን ዕለት ባለሙያ ተጠርቶ ግድቡን በእንፋሎት ቆረጠው፤ እንፋሎት ሺንግሉን ሳይሰብር በረዶውን ያነሣልና። ከዚያ በኋላ እስከ ክረምቱ መጨረሻ፣ አዲስ አመዳይ በወረደ ቁጥር፣ ከመሬት ሳንነሣ እጀታው በረዘመ መጥረጊያ የጣሪያውን የታችኛውን ጫፍ አንድ ሜትር ያህል እየጠረግን ከረምን።

ዋናውን ሥራ የሠራነው በመጸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብለን፣ ብርዱ ሳይመጣ፣ ከአንድ ሥራውን ከሚያውቅ ወዳጄ ጋር መብራት ይዘን ወደ ቆጡ ወጣን። ጋሼ ከታች መሰላሉን ያዙ። ወዳጄ በመጀመሪያ ያየው ፋይበር ግላሱን ነበር። የመስታወት ጭረቱ ንጣፍ በአብዛኛው እንደ ተሠራበት ቀን ጽጌረዳ ቀለም ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ግን ጠቁሯል። «የጠቆረው አየር ያለፈበት ነው፤ ንጣፉ የቤቱን አቧራ እያጣራ ያስቀረዋል» አለኝ። ቁራጭ ቆርጠን ለጋሼ አወረድንላቸው። በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱትም። «ይህማ የእናቴ ጎጆ ጥላሸት ነው» አሉ።

ጥቁሩን እየተከተልን ቀዳዳዎቹን አገኘናቸው። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር፤ እርሱ በቆርቆሮና እሳት በሚችል ማጣበቂያ ተደፈነ፤ በእሳት አጠገብ አረፋ አይነፋምና። የመታጠቢያ ክፍሉ ማናፈሻ እርጥቡን አየር ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ቆጡ ይተፋ ነበር፤ ቧንቧው እስከ ውጭ ተዘረጋ። በሽቦዎቹና በመብራቶቹ ዙሪያ፣ በመውጫው መዝጊያ ጠርዝ ያሉት ስንጥቆች ሁሉ ተደፈኑ። ከዚያ በኋላ ነው ንጣፍ የተጨመረው። በመጨረሻም ከክፈፉ ሥር አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በአሮጌ ንጣፍ ታፍነው ስለ ነበር ተከፈቱ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ ቀዳዳ መድፈን፣ ቀጥሎ ማልበስ፣ ቀጥሎ ማናፈስ። ቀዳዳው ሳይደፈን የተከፈተ ማናፈሻ የቤቱን ሙቀት ጭራሹን ስቦ የሚያወጣበት ጊዜ አለ።

በቀጣዩ ክረምት አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ሄድሁ። በመንገዱ ዳር የብዙ ቤቶች ጣሪያ እንደ ተላጨ ራስ ቦታ ቦታውን ተገልጦ፣ ከክፈፋቸው የበረዶ ዘንግ ተንጠልጥሎ ነበር። የጋሼ ጣሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነጭ ነበር። አሸንዳው ላይ አንድም ዘንግ አልነበረም። ሰው የማይኖርበት ቤት ይመስል ነበር፤ ስገባ ግን ቡናው ተፈልቶ፣ ቤቱ ሞቆ ጠበቀኝ።

ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ በነጭ ወረቀት መካከል አድርቀዋቸዋል። የሚነበበውን በአዲስ ደብተር እንድገለብጥላቸው ዐይናቸው ስለ ደከመ ለመኑኝ፤ እርሳቸው እያስታወሱ፣ እኔ እየጻፍሁ አመሸን። ውኃው የገባው ከታች በኩል ስለ ነበር የብዙዎቹ ራስጌ ተርፏል። ስለዚህ በደብተሩ ውስጥ «ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» የሚል ሰላምታ በየገጹ ይገኛል። ከሰላምታው በታች ያለውን ጋሼ የሚያስታውሱትን ያህል ሞላን፤ የማያስታውሱትንም ቦታውን ባዶ ተውንለት።